ቲቸር ሌሊሴና የእሁዱ ስፌት

መሞቷን የሰማሁት ከአምቦ ወደ ጊንጪ በሚሄድ ሚኒባስ ውስጥ ነው። ከፊቴ ከተቀመጡት ሁለት ሴቶች አንደኛዋ ጌዶ ለቅሶ ደርሳ መመለሷ ነበር። «ያቺ አስተማሪዋ እኮ ናት» አለች ለጓደኛዋ። «አንደኛ ክፍል ብቻ ስታስተምር ኖራ ጡረታ የወጣችው። ሐሙስ ቀበርናት።»

«ሌሊሴ?» አልኩ ከኋላ፣ ማንም ሳይጠይቀኝ።

ሴትዮዋ ዞር ብላ አየችኝ። «ታውቂያት ነበር?»

«ልጄን አስተምራልኛለች።»

«እሷ ያላስተማረችው ማን አለ ብለሽ ነው!» አለችና ስለ ድንኳኑ ወደ ጀመረችው ወሬ ተመለሰች።

ጊንጪ የሄድኩት ገበር ለመግዛት ነበር። ጨርቅ ወደ ብርሃን አውጥቼ ሳላይ፣ ሁለት ጊዜ ሳላስለካ የምገዛ ሰው አይደለሁም። ያን ቀን ግን ለግራጫ ኮት ቡናማ ገበር ገዝቼ የመጣሁት ቤቴ ገብቼ ስፈታው ነው የታወቀኝ። ከዚያ ወዲህ ስለ ሌሊሴ ለሰው ላወራ እጀምርና መሐል ላይ ይጠፋብኛል። ስለዚህ ልጽፈው ቁጭ አልኩ። የተማርኩት እስከ አራተኛ ክፍል ነው፤ ከደብዳቤና ከደንበኛ ልክ በቀር ረጅም ነገር ጽፌ አላውቅም። እንደሆነው አድርጌ እጽፈዋለሁ።

ነገሩ የሆነው በደርግ ጊዜ ነው። እኔ አምቦ ውስጥ በቤቴ ልብስ እሰፋለሁ። ባለቤቴ ተሬሳ በአንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት ይሠራል። አንዲት ልጅ አለችን፣ ቶለሺ። አንደኛ ክፍል ስትገባ ሰባት ዓመቷ ነበር። ከመግባቷ በፊት ፊደል ያስቆጠርኳት እኔ ነኝ፤ ከመኪናዬ አጠገብ አስቀምጬ፣ እየሰፋሁ፣ ከሀ እስከ ፐ። ትንፋሽ ሳትወስድ ትወርደው ነበር። ጎረቤት ሲመጣ «እስቲ በይላቸው» እላታለሁ። ትልላቸዋለች። እኔም ደረቴ ይሞላል።

በሦስተኛው ወር ላይ አስተማሪዋ አስጠራችኝ። አስተማሪ ሲያስጠራ ልጄ አጥፍታለች ማለት ነው ብዬ ሮጥኩ። ክፍሉ ባዶ ነው፤ ልጆቹ ወደ ቤታቸው ሄደዋል። አንዲት ረጅም ቀጭን ሴት በትንሿ የልጆች አግዳሚ ላይ ጉልበቷን አገጯ ድረስ አጥፋ ተቀምጣለች። ቶለሺ ከፊቷ ቆማለች።

«አንብቢላት ለእናትሽ» አለቻት፣ የንባብ መጽሐፉን ሰጥታ።

ቶለሺ አነበበች። ጥርት አድርጋ፣ ሳትደናቀፍ። በመሐል መምህርቷ መጽሐፉን ከእጇ ወሰደችና ገልብጣ፣ የላዩን ወደ ታች አድርጋ መለሰችላት። ቶለሺ ማንበቧን ቀጠለች። ዓይኗ ጣሪያው ቆርቆሮ ላይ ነበር።

«አየሽ?» አለችኝ።

«ታነባለች እኮ» አልኩ።

«ታስታውሳለች። ጎበዝ ናት፣ አንዴ የሰማችውን አትረሳም። ንባብ ግን ገና አልጀመረችም።»

እኔ የጠየቅሁት አንድ ነገር ብቻ ነው። «ልትደግም ነው?»

ሳቀች። «አንቺ ደግሞ! ገና ኅዳር ነው። ሰኔን ከየት አመጣሽው?»

መምህርት ሌሊሴን ያወቅኋት እንዲህ ነው። ልጆቹ «ቲቸር» ይሏታል፤ እኔም ከነሱ ለምጄ ቲቸር እላት ነበር። በዕድሜ ብንቀራረብም እሷ እንደ ትልቅ ሰው ረጋ ያለች ናት። የጠመኔ እጇን በቀሚሷ ታፋ ላይ የመጥረግ አመል ስላላት፣ ማታ ማታ ስትመለስ በቀኝ በኩል ነጭ መዳፍ የታተመባት ትመስላለች። በኋላ ልብሷን የምሰፋላት እኔ ስሆን፣ በዚያ በኩል የማይታይ ቀለም እንድትመርጥ ብለምናት «ተይው፣ ሥራዬ ይታይ» አለችኝ። ከልጅ ጋር ስታወራ ቆማ አታወራም። ቁጢጥ ትላለች። ዝናብ ይሁን ጭቃ፣ ዳይሬክተሩ ይዩ አይዩ፣ ቁጢጥ ብላ ፊቷን ከልጁ ፊት እኩል ታደርጋለች።

ሌሎቹ መምህራን ከፍ ያለ ክፍል ለማስተማር ሲሻሙ እሷ ከአንደኛ ክፍል ንቅንቅ አትልም። አንድ ቀን አንዱ የስድስተኛ ክፍል መምህር እኔ ልብሷን ላደርስላት በሄድኩበት፣ «ይህች ሴት አንደኛ ክፍልን አሥራ አንድ ጊዜ የደገመች ናት» ብሎ ቀለደባት።

«ገና አልገባኝማ» አለችው። «የገባኝ ቀን አልፋለሁ።»

ልጆቹ መጽሐፉን በቃላቸው ይዘው እንደሚያታልሏት ካወቀች በኋላ የራሷን ዘዴ አመጣች። በየቀኑ አንድ ልጅ ተራ ይደርሰዋል። ተራው የሆነ ልጅ ተነስቶ ካየው ካጋጠመው አንድ ነገር ይናገራል። አብዛኛው ልጅ ቤቱ የሚናገረው ኦሮምኛ ስለሆነ በአማርኛ ሲባል አፉ ይያዛል። ያኔ ሌሊሴ ቁጢጥ ትልና «ኣፋን ኬቲን ሂሚ» ትለዋለች፣ በራስህ ቋንቋ ንገረኝ ማለቷ ነው። ይነግራታል። ከዚያ ክፍሉ ሁሉ እየተጯጯኸ ወደ አማርኛ ይመልሰዋል፤ ባለቤቱ ልጅ «አዎ፣ እንደሱ ነው ያልኩት» እስኪል ድረስ። እንደዚያ ሲል እሷ ባሮጌ የፈተና ወረቀት ጀርባ ላይ በትልልቁ ትጽፍለታለች፤ እፍ እፍ ብላ ቀለሙን ታደርቃለች፤ ትሰጠዋለች። ልጁ ወረቀቱን ወደ ቤቱ ወስዶ ለወላጁ ያነባል። ወላጁ መስማቱን ከታች ይፈርማል፤ መፈረም የማይችል በአውራ ጣቱ ያትማል። ልጁ መልሶ ለክፍሉ ያነበዋል። ከዚያ ገጹ ከሌሎቹ ጋር በጆንያ መርፌ እየተሰፋ የክፍሉ መጽሐፍ ይሆናል።

አንድ ገጽ እስከ ዛሬ ትዝ ይለኛል። «አህያችን የሰው አጥር በላች። አባቴ አህያዋን ትቶ እኔን መታኝ» ይላል። ልጆቹ ይህችን ገጽ እየተሻሙ ያነቧታል። ዳይሬክተሩ አይተው አልወደዷትም። «መታኝ የሚለው ይቅርና አባቴ መከረኝ ይባል፤ ልጆች የሚማሩበት ነገር ይኑረው» አሏት።

«ልጁ መታኝ ነው ያለኝ» አለቻቸው። «መከረኝ ብዬ ብጽፍለት አያነበውም። የሱ አይደለማ።»

የሷ ሕግ ይህ ነበር። ልጁ ያላለውን ቃል አትጨምርም፤ ያለውን አትቀንስም። ይህን ስትነግረኝ እየሳቀች ነበር፤ ግን የማይነካ ነገር እንደሆነ ያስታውቃል።

የኔ ቶለሺ ተራዋ ሲደርስ «ምንም የለኝም» ትላለች። በሚቀጥለው ዙርም «ምንም የለኝም።» አርባ ልጅ ባለበት ክፍል ገጽ የሌላት እሷ ብቻ ሆነች። ሌሊሴ አላስገደደቻትም። እኔን ግን ጠየቀችኝ። «ቤት ትናገራለች?»

«አፏ አይከደንም» አልኳት።

«ታዲያ እዚህ ማን ከደነው?»

የከደንኩት እኔ ነበርኩ።

ያኔ የኛ የወንጌላውያን ቤተ ክርስቲያን በራፉ ታሽጎ ነበር። የባለቤቴ ታላቅ ወንድም ሰው ቤት ሰብስቦ ሲጸልይ ተገኝቶ ስምንት ወር ታስሯል። እኛ ግን አልተውነውም። እሁድ ከሰዓት በኋላ አምስት ስድስት ሰው ተራ በተራ፣ አንዱ በፊት በር ሌላው በጓሮ እየገባ እኛ ቤት ይመጣል። ብዙ ጫማ ደጃፍ ላይ እንዳይታይ ጓዳ እናስገባዋለን። እኔ በመስኮቱ በኩል መኪናዬ ላይ ቁጭ ብዬ እረግጣለሁ፤ በመንገድ የሚያልፍ ሰው የሚሰማው የስፌት መኪና ድምፅ ብቻ እንዲሆን። መጀመሪያ እውነተኛ ስፌት እሰፋ ነበር። ዓይኔን ጨፍኜ ስጸልይ የአንዲት ደንበኛ እጅጌ ከወገቡ ጋር ተሰፍቶ ተገኘ፤ እሱን ስፈታ ሁለት ቀን ፈጀብኝ። ከዚያ ወዲህ ክሩን አወጣሁትና ቁራጭ ጨርቅ ከመርፌው ሥር አድርጌ በባዶው እረግጣለሁ።

ለቶለሺ ይህ ምን እንደሆነ አልነገርኳትም። ልጅ የማያውቀውን ነገር አያወራም ብዬ ነው። አጎቷ በታሰረ ጊዜም «ጅማ ለሥራ ሄዷል» ነው ያልኳት። የነገርኳት አንድ ነገር ነው፤ «ቤት ያየሽውን ውጭ አታውሪ።» ይህን ጠዋት ደብተሯን ሳስይዛት እላታለሁ፤ በር ላይ እደግመዋለሁ። እንዲህ ሲባል የኖረ ልጅ ተራው ሲደርስ ከቤት ያየውን ሁሉ አፉ ላይ ይዞ «ምንም የለኝም» ቢል ምን ይገርማል?

ግንቦት ላይ አንድ ቀን ቶለሺ ወረቀት ይዛ እየሮጠች መጣች። «ሃርሜ! ሃርሜ! ገጽ አለኝ!» አለች፣ እማዬ ማለቷ ነው። እኔ ላይ ጥድፊያ ነበር፤ ለሠርግ የታዘዘ ልብስ አጣድፎኛል። መርገጫውን አቁሜ «አንብቢ» አልኳት።

አነበበች። በዝግታ፣ በጣቷ እየተከተለች፣ እየቆመች። ዓይኗ ወረቀቱ ላይ ነው። ጣሪያ አላየችም። አንድ ፊደል ላይ ተቸግራ ግንባሯን ቋጠረች፣ ወደ ኋላ ተመለሰች፣ አገኘችው። ዓይኗ ከቃል ወደ ቃል ሲሄድ እያየሁ እኔ ምንም አልሰማሁም። የምትለውን አንድም ቃል አልሰማሁም። ልጄ እያነበበች ነው፣ አትደግምም፣ ይኸው እያነበበች ነው እያልኩ ብቻ ነበር። ስትጨርስ ሳምኳትና ከታች ፈረምኩ። በሩን ቆልፌ ሦስት ጊዜ ተመልሼ የማረጋግጥ ሴት፣ ምን እንደተጻፈ ሳላይ ፈረምኩ።

በሳምንቱ ከገበያ ስመለስ አራት የሚሆኑ የሰፈር ልጆች ከኋላዬ ተከተሉኝ።

«ሃዳ ቶለሺ! ክር አለቀብሽ?»

ሃዳ ቶለሺ ማለት የቶለሺ እናት ማለት ነው። ቀልዱ አልገባኝም፣ ሳቅሁላቸው። አንደኛው ሮጦ ቀደመኝና ከተተረተረ ሹራቡ እጅጌ ክር መዝዞ ዘረጋልኝ። «ይኸው ክር! ለእሁድ ይሁንሽ!»

ዘንቢሌን እንዴት ቤት እንዳደረስኩት አላውቅም። ቶለሺን ጠርቼ «ገጽሽን በይልኝ» አልኳት። ደስ ብሏት፣ እጇን አጣምራ ቆማ አለችልኝ።

«እናቴ እሁድ ትሰፋለች። መኪናው ክር የለውም። ሰዎች ይመጣሉ። ጫማቸው ጓዳ ይተኛል። ሁሉም ዓይናቸውን ይጨፍናሉ። እናቴ ብቻ አንድ ዓይኗን ትከፍታለች።»

ከታች ደግሞ የኔ ፊርማ አለ።

«ቤት ያየሽውን አታውሪ አላልኩሽም?» አልኳት፣ ድምፄን ዝቅ አድርጌ።

«አላወራሁም» አለች። «ተጻፈ እንጂ።»

በማግስቱ ያላለቀ ቀሚስ በጋዜጣ ጠቅልዬ፣ ላስለካት የመጣሁ መስዬ ትምህርት ቤት ሄድኩ። ሌሊሴ ብቻዋን ሰሌዳ ትጠርጋለች። በሩን ገርበብ አደረግሁትና «ያን ገጽ ቅደጂልኝ» አልኳት።

ዳስተሩን አስቀመጠች። «የቱን?»

«ታውቂዋለሽ የቱን እንደሆነ።»

ቁጭ አለች። «ስትነግረኝ የራሷ ጨዋታ መስሎኝ ነበር። በኋላ ጠረጠርኩ። ግን አንቺ ፈርመሽ ላክሽው። እናቷ አንብባ ከፈረመች ነገሩ ምንም አይደለም አልኩ።»

«አላነበብኩትም።»

«ቶለሺስ አላነበበችልሽም?»

«አንብባልኛለች። ዓይኗን ሳይ ነበር።»

ይህን ስናገር አፈርኩ። እሷ ግን አልሳቀችም። «አዎ» አለች። «ዓይኗ ደስ ይላል፣ አይደል?»

«ቲቸር፣ በማርያም ይዤሻለሁ» አልኳት። እኛ በማርያም አንምልም፤ እሷ ግን ማርያም የምትስም ስለሆነች እንዲቆረቁራት ብዬ ነው። «የወላጆች በዓል ሊደርስ ነው። የቀበሌው ሊቀመንበር ይመጣል። ይህ ፊቱ ይነበባል? የተሬሳን እንጀራ፣ የወንድሙን ነገር... ቅደጂው።»

«ብቀደው አርባ ልጅ በቃሉ ያውቀዋል። የቶለሺ ገጽ የት ሄደ እያሉ ይጮሃሉ። አሁን ቀልድ ነው፤ ያኔ ወሬ ይሆናል።»

«እንግዲያው ያን ቀን አላመጣትም።»

«ካልመጣች ሌላው ያነብላታል። እየተጣሉ ነው የሚያነቡት።»

«እንግዲያው ቃሉን ለውጪው! ክር የለውም የሚለውን ክር አለው በይው! ሰዎች ይመጣሉ የሚለውን አውጪው!»

መጽሐፉን ከመሳቢያ አወጣችና ገጹን ገለጠች። «ስድስት ወር አፏን ዘግታ የተቀመጠች ልጅ ናት» አለች። «በመጀመሪያ የተናገረችው ነው። ይህን ብለውጥባት ሁለተኛ አትናገርም።» መጽሐፉን ከደነችና «እስቲ ላስብበት። ይዘሻት ነይ» አለችኝ።

ምን እንዳሰበች አልነገረችኝም። ለተሬሳ ሁሉንም ነግሬዋለሁ። እሱ «እግዚአብሔር ያውቃል» አለ፤ ግን እሁድ የሚመጡትን ሰዎች ለጊዜው እንዲቀሩ ነገራቸው።

በበዓሉ ቀን ሜዳው ላይ አግዳሚዎች ተደረደሩ። ከፊት ዳይሬክተሩ፣ ከሳቸው ቀጥሎ ካኪ የለበሰው ሊቀመንበር፣ ከኋላ እኛ ወላጆች። የአንደኛ ክፍል ልጆች እየተነሱ ገጻቸውን ያነባሉ። ባለ አህያው ልጅ ሲያነብ ሰው ሁሉ በሳቅ ፈነዳ፤ አባቱ አንገቱን ደፋ። እኔ የነጠላዬን ጫፍ እየቋጠርኩ እፈታለሁ። ቶለሺ ተነሳች። የሰፋሁላት ቢጫ ቀሚስ ላይ መጽሐፉ ደረቷን ሸፍኖታል። አፏን ልትከፍት ስትል፣ ከልጆቹ ጎን የቆመችው ሌሊሴ እጇን አነሳችና ጮክ ብላ፣

«ተረት ተረት!» አለች።

«የላም በረት!» ብለው አርባው ልጆች በአንድ አፍ መለሱ።

ሊቀመንበሩም መለሰ። በዓይኔ አይቼዋለሁ። ሳያስበው፣ እንደ ልጅ፣ «የላም በረት» ብሎ አፉ ላይ ፈገግታ ቀረ። አንዴ እንዲያ ካለ በኋላ የሚሰማው ነገር ሁሉ ተረት ነው። ክር የሌለው መኪና ሲባል ሳቀ። ጫማው ጓዳ ይተኛል ሲባል የዳይሬክተሩን ጉልበት መታ። አንድ ዓይኗን ስለምትከፍተው እናት ሲሰማ ከሁሉ በፊት ያጨበጨበ እሱ ነበር።

የነጠላዬን ጫፍ ለቀቅሁ። ቶለሺን ግን አየኋት። አልሳቀችም። መጽሐፉን ይዛ ቆማ መምህርቷን ታያለች። ሌሊሴ ዓይኗን መለሰች። ከልጅ ዓይን ስትሸሽ ያየኋት ያን ጊዜ ብቻ ነው።

ሲበተን ሊቀመንበሩ በአጠገባችን አለፈ። «ያንቺ ናት? ተረቷ ጥሩ ነው። ከማን ሰማችው?»

«ከአያቷ» አልኩ፣ ቶለሺን በእጄ እንደያዝኩ።

«የድሮ ሰዎች ተረት ያውቁ ነበር» ብሎ ሄደ።

አያቷ የሞተችው ቶለሺ ሳትወለድ ነው። ቶለሺም ይህን ታውቃለች። መንገድ ላይ እጇን ከእጄ ቀስ ብላ አወጣችና «ሃርሜ፣ ተረት አይደለም እኮ» አለችኝ።

«ዝም በይ» አልኳት።

ዝም አለች። ትምህርት ቤት ተዘጋ፤ ክረምቱ ገባ። ሁለተኛ ክፍል እንዳለፈች የሚያሳየው ካርድ መጣ። ደስ አላላትም። ከዚያ በፊት ከእኔ ጋር ስትሄድ የሱቅ በር ላይ ያለውን ሁሉ ታነብልኝ ነበር፤ አሁን «ይህ ምን ይላል?» ስላት ትከሻዋን ትነቀንቃለች። አባቷ የቆየ ጋዜጣ አምጥቶ ቢሰጣት «ተረት ነው?» ብላ ሳታየው መለሰችለት። እኔ ቤቴን አዳንኩ ብዬ ነበር። በስድስት ወር ልፋት የተከፈተው የልጄ አፍ ግን በሁለት ቃል፣ በ«ተረት ተረት» ተዘጋ፤ «ከአያቷ» ብዬ ሌላ መዝጊያ የጨመርኩት ደግሞ እኔው ነኝ።

ሐምሌ ውስጥ አንድ ከሰዓት በኋላ ዝናቡ ሲዘንብ ሌሊሴ መጣች። እግሯ እስከ ቁርጭምጭሚቷ ጭቃ ነው። «ግቢ፣ ተቀመጪ» ብላት ወንበሩን አልፋ ቶለሺ የተቀመጠችበት መደብ ሥር ቁጢጥ አለች። ከሻርፗ ውስጥ የተጠቀለለ ወረቀት አወጣች። የቶለሺ ገጽ ነው፤ ከመጽሐፉ ፈትታው ነው። ዳይሬክተሩ ከበዓሉ በኋላ መጽሐፉን ልየው ስላሉ፣ ንባቡና ጽሑፉ እንዲመሳሰል ብላ ከላይ በእርሳስ «ተረት ተረት» ብላ ጽፋበታለች።

«ቶለሺ፣ ይቅርታ ልጠይቅሽ ነው የመጣሁት» አለቻት።

እኔ ደነገጥኩ። አስተማሪ ልጅን ይቅርታ ሲጠይቅ ሰምቼ አላውቅም፤ ዛሬም ብዙ አልሰማሁም። ቶለሺ እግሯን አየች።

«እነዚህን ሁለት ቃላት አንቺ አላልሽም። እኔ ነኝ ያልኩት። ያልተባለ አልጽፍም ብያችሁ ነበር፤ ጻፍኩ።»

ቶለሺ ቀና አለች። «ለምን?»

«ፈርቼ።»

«ቲቸር ይፈራል?»

«ይፈራል እንጂ! በጣም።»

«ማንን?»

ሌሊሴ ወደ እኔ ዞረች። «ይህን እኔ አልመልስልሽም» አለቻት፣ እኔን እያየች። «ይህ የእናትሽ ነው።»

መስኮቱን ዘጋሁ፤ ዝናቡ እየጮኸ ማንም እንደማይሰማ እያወቅሁ ዘጋሁት። ከዚያ ከልጄ አጠገብ ተቀመጥኩና በኦሮምኛ፣ ቤታችን በምንነጋገርበት፣ ሁሉንም ነገርኳት። ቤተ ክርስቲያኑ ለምን እንደታሸገ። ሰዎቹ ዓይናቸውን ጨፍነው ከማን ጋር እንደሚነጋገሩ። ጫማው ለምን ጓዳ እንደሚገባ። እኔ ለምን አንድ ዓይኔን እንደምከፍት።

«አጎቴስ?» አለችኝ። «ጅማ ነው ያልሽው?»

«እስር ቤት ነበር። ዋሽቼሽ ነው።»

«አያቴም አልነገረችኝም።»

«አልነገረችሽም። እሱንም ዋሽቻለሁ።»

አላለቀሰችም። ሌሊሴ ከደረት ኪሷ ላጲስ አወጣችና ወረቀቱ ላይ አስቀመጠችው።

«ገጹ ያንቺ ነው» አለቻት። «ከፈለግሽ እነዚህን ሁለት ቃላት አጥፊያቸው። መጽሐፉ ግን ትምህርት ቤት ይቀመጣል፤ የፈለገ ሰው ከፍቶ ያነበዋል። አሁን ለምን እንደጻፍኩት ታውቂያለሽ። እኔም አላጠፋም፣ እናትሽም አታጠፋም። አንቺ ነሽ የምትወስኚው።»

ሌሊሴን ልጮህባት ደረስኩ። የባሌን ነገር፣ የስድስት ሰው ነገር፣ በሰባት ዓመት ልጅ እጅ ላይ አስቀምጣ ቁጢጥ ብላ ትጠብቃለች። እጄን ወደ ወረቀቱ ዘረጋሁ። ሌሊሴ አልከለከለችኝም፤ አየችኝ ብቻ። እጄን መልሼ ጉልበቴ ላይ አደረግሁት። በሕይወቴ ከባድ ነገር አንስቼ አውቃለሁ፤ ያን እጄን መመለስን ያህል የከበደኝ የለም።

ቶለሺ ላጲሱን አነሳች። አጠፋች። መጀመሪያ አንዱን፣ ከዚያ ሁለተኛውን። በደንብ፣ ወረቀቱ እስኪነጭ ድረስ። እኔ ዓይኔን ጨፈንኩ፣ ሁለቱንም።

«እርሳስ ስጪኝ» ስትል ሰማኋት።

ሌሊሴ ሰጠቻት። ቶለሺ በመደቡ ላይ ተደፍታ፣ ምላሷን በከንፈሯ ጫፍ አውጥታ፣ በጠራው ቦታ ላይ መጻፍ ጀመረች። «ተ»ን ጻፈች። «ረ»ን ጻፈች። «ት» ላይ እርሳሱ ወረቀቱን ሊበሳው ምንም አልቀረውም። እንደገና ያንኑ ቃል ጀመረች። ሁለተኛው ወደ ታች ዘቀዘቀባት፤ የመጨረሻዋ ፊደል ከሌሎቹ ሁሉ ገዝፋ ከወረቀቱ ጠርዝ ጋር ተጋጨች። ስትጨርስ ወረቀቱን ለመምህርቷ ዘረጋችላት።

«አሁን እኔ ነኝ ያልኩት» አለች።

ሌሊሴ አነበበችው። ገጹን ጠቅልላ ከሻርፗ ውስጥ አደረገችው። ዝናቡ እስኪያባራ ቆዪ ብላትም አልቆየችም፤ በሩ ላይ ሁለት እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ፣ ወረቀቱ እንዳይረጥብ እየሸፈነች፣ ወደ ጭቃው ወረደች።